የሰርከሱ ግቢ ባዝራ

የሰርከሱ ባለቤት አሳምነው ከገመድ ወድቆ ሞተ ብለው ነው የጠሩን። ስንደርስ አስከሬኑ በልምምድ አዳራሹ መካከል በጀርባው ተንጋሏል፤ የሚወጣበት ገመድ ደረቱ ላይ ተጠቅልሎ ወድቋል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ገመድ ላይ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ።

"ጋሽ አሳምነው በየምሽቱ ይወጣል" አለችኝ ወጥ ቤት የምትሠራው ውቢት። "ሳይወጣ ካደረ እንቅልፍ አይወስደውም።"

እሺ፣ ይውጣ። ግን ከገመድ የወደቀ ሰው አንገቱ ወይ ወገቡ ይሰበራል እንጂ ጆሮ ግንዱ ላይ የዱላ ምልክት አይወጣለትም። ሳጅን ምስጋናው ጎንበስ ብሎ አየና ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። በሩ ላይ ሰው ስለሞላ ሁለታችንም ዝም አልን።

እኔ ምሥራቅ እባላለሁ፤ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ እንጅባራ ወንጀል ምርመራ ውስጥ እሠራለሁ። "ኢንስፔክተሩ መጣ" ሲባል ሰው እኔን፣ ሴቷን፣ ያይና ከኋላዬ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ለምጄዋለሁ፤ ፈልጎ እስኪያጣ ድረስ እጠብቀዋለሁ።

ገመዱ በጣራው አግዳሚ ላይ ዞሮ ወርዶ ግድግዳው ሥር ካለ ካስማ ጋር የሚታሰር ነው። የተቆረጠው ከካስማው አጠገብ ነው። ጫፉ ቢላ እንደነካው ንጹሕ አይደለም፤ ተቦጫጭቋል፣ እየተጎተተ የተገዘገዘ ይመስላል። ጥርስ ያለው ማጭድ ነው አልሁ በልቤ።

"ገመዱን የሚያስረው ማነው?"

"ክንዴ" አሉ ሦስት አራት ሰዎች በአንድ አፍ። አንዱ ደግሞ ሳልጠይቀው "ትናንት ሲጨቃጨቁ ነበር" ብሎ ጨመረበት።

ክንዴ ውጭ በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት ነው። በሰርከሱ ውስጥ ሥራው መያዝ ነው፤ ሌሎቹ ከላይ ሲወረወሩ እሱ በአየር ላይ እጃቸውን ይቀበላል።

"ትናንት ምን አጨቃጨቃችሁ?"

ዝም።

"ማታ የት ነበርህ?"

ዝም።

"ገደልኸው?"

አቀርቅሮ እጁን አየ። ኧረ ይኸ ሰው ጤና የለውም እንዴ አልሁ። ያልገደለ ሰው ቢያንስ "አልገደልሁም" ይላል፤ ይቆጣል፣ ይምላል፣ ያለቅሳል። ካቴና አስገባሁበት። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ምክንያቴ እሱን ማትረፍ ነው። ስማቸው የሚባለው የሟቹ ታናሽ ወንድም በር ላይ ቆሞ ነበርና፤ ከጋቢው ሥር የጠመንጃው አፈሙዝ ይታያል።

"ኢንስፔክተር" አለኝ ስማቸው፣ ድምፁን ሳያነሣ። "እርስዎን አከብራለሁ። እስከ ሰልስቱ እታገሣለሁ። በሰልስቱ ጠዋት ገዳዩ ይኸ ነው ብለው ካልነገሩኝ ግን እኔ ክንዴን ነው የማውቀው። ጣቢያ ውስጥም ቢሆን፣ እናቱ ጉያ ውስጥም ቢሆን።"

"አሁን ፖሊስ ፊት ነው የምትዝተው?"

"አልዛትሁም። ነገርሁዎት እንጂ።"

ጣቢያ ስንመለስ የክንዴ እናት እታለማሁ ቀድማን ደርሳለች። ከግምጃ ቤት ከተማ በጋሪ፣ ከዚያ በባጃጅ ነው የመጣችው። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኋት።

"ልጄ፣ የኔ ልጅ መልአክ ነው አልልሽም" አለችኝ። "ይኸን ግን አላደረገም። አልገደልሁም እንዲል ብቻ አድርጊልኝ። ዝም ካለ ይገድሉታል።"

"ለምን ዝም አለ?"

"እኔ ምኑን አውቄው። ከዚያ ከሰው አገር ከተመለሱ ወዲህ እንዲያው ነው። ስቆ አያውቅም።"

አንድያ ልጇ ነው። ከግድግዳው ጥግ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀመጠች፤ ሂጂ ብትባልም አልሄደችም።

ስለ ግቢው ሳልናገር ነገሩ አይገባም። ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዲከረንስ ዛፍ የተከበበ የድንጋይ አጥር አለ። ድሮ የአንድ ፊታውራሪ ቤት ነበር። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ወረሰውና ግማሹን የእህል መጋዘን፣ ግማሹን እስር ቤት አደረገው። ከዚያ ጅብ የሚያድርበት ፍርስራሽ ሆነ። አሳምነው በልጅነቱ ጫግኒ ገበያ ላይ ለሣንቲም እየተገለባበጠ ያደገ ሰው ነው፤ ሰርከስ አቋቁሞ፣ ባሕር ማዶ ሲዞር ከርሞ፣ ባገኘው ገንዘብ ግቢውን ተከራይቶ አቀናው። በቀርከሃና በቆርቆሮ አዳራሽ ሠራ፣ የፈረስ ጋጣ አቆመ፣ በሩ ላይ ዝሆን አስሣለ። በዚያ ቀበሌ ዝሆን ያየ ሰው ግን የለም።

ከግቢው ጋር አብረው የሚተላለፉ አንድ ሰው አሉ፤ አያ ምህረቴ። አባታቸው የፊታውራሪው ባልደራስ ነበሩ። እሳቸው የማኅበሩን በቅሎዎች ጠበቁ፤ አሳምነው ሲመጣ የሰርከሱን ፈረሶች ተረከቡ። ጌታው ይለዋወጣል እንጂ አያ ምህረቴ ከጋጣው ወጥተው አያውቁም።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ጋጣውን አይቼዋለሁ። ሁለት ፈረስ ነው ያለው። አንዱ ጥቁር ሰንጋ ፈረስ ነው፤ የጥር የፈረሰኞች በዓል ስለደረሰ ቀይ ግላስ ለብሶ፣ ግንባሩ ላይ ዝርግፍ ተንጠልጥሎለት ቆሟል። ሌላዋ ነጭ ባዝራ ናት፤ ጌጥ የላትም፣ ጋማዋ ተሸልቷል።

"ምን ሆና ነው?" አልሁት ምስጋናውን። እሱ የባንጃ ልጅ ነው፤ አገውኛውንም ልማዱንም ያውቃል።

"በእነ አያ ምህረቴ ጎጥ ባለፈረሱ ሲሞት የፈረሱን ጋማ ይሸልታሉ። ለጌታቸው ማዘናቸው ነው።"

አያ ምህረቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከባዝራዋ እግር ሥር ተቀምጠው ነበር። ማታ የት ነበሩ ስላቸው "ፈረሶቹ ጋ" አሉ። ምስክር አለዎት ብል ፈረሶቹን ልጠራ ነው። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ወጣሁ።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ስማቸውን ነው። ወንድሙ ሞቶበት ጠመንጃ የሚያሳይ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይደብቃል። ሰርከሱ ጉዞ ካቆመ ቆይቷል፤ ስማቸው ደግሞ አጥሩን አፍርሶ መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ ሊተክልበትና ከሰል ሊያከስልበት ይፈልግ ነበር።

"እምቢ ብሎሃል ወንድምህ" አልሁት።

"ብሎኛል። 'እኔ ስሞት አክስለው' አለኝ።"

"ታዲያ ሞተልህ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ጠመንጃውን የሚያነሣ መስሎኝ ነበር፤ ተቀመጠና አለቀሰ። በዚያን ምሽት አዲስ ቅዳም ከሰል ሲያስጭን መኪናው ተበላሽቶበት እዚያው አድሯል። ሾፌሩን ጠየቅሁ፣ ያደረበትን ቤት ባለቤት ጠየቅሁ፣ ጫኞቹን ጠየቅሁ። ሁሉም ሲያየው ያመሸ ነው። በዚህ በኩል በሩ ተዘጋ።

ክንዴን ደግሞ ሦስት ጊዜ አስወጥቼ ጠየቅሁት። ስለ ገመዱ ሳነሣበት ብቻ አንድ ነገር አለ።

"እኔ ብሆን ቋጠሮውን ነበር የማላላው" አለ። "ገመድ አይቆረጥም። ገመድ ውድ ነው።"

"እንግዲያ አንተ አይደለህም።"

እንዳመለጠው ገባውና እንደገና ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ይኸ ልጅ ራሱን አይደለም የሚደብቀው። ማታ ያየውን ሌላ ሰው ነው።

ቀብሩ በማግሥቱ ሆነ። እንደ አገሩ ወግ ሰው ክብ ሠርቶ ሲያለቅስ፣ ስማቸው ጥቁሩን ፈረስ ከነሙሉ ጌጡ እየሳበ መካከል ገባ። አልቃሿ የፈረሱንም የጌታውንም ስም እያነሣች ታወርዳለች፤ ሴቶቹ ይነፋረቃሉ። እኔ ዳር ቆሜ የሰው ፊት እቆጥራለሁ። ድንገት አንድ ነገር ቆነጠጠኝ።

"ምስጋናው፣ የአሳምነው ፈረስ የትኛው ነው?"

"ይኸው ጥቁሩ ነዋ። ሌላ ላይ ወጥቶ አያውቅም።"

"ጋማው አልተሸለተም።"

ምስጋናው ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ። "አዎ፣ አልተሸለተም።"

"ታዲያ ባዝራዋ የማን ሐዘን ናት?"

 ከቀብሩ በቀጥታ ወደ ግቢው ሄድን። በረኛውን ነጯ የማናት አልሁት። "የእመቤት፣ የአያ ምህረቴ ልጅ። ሰርከስ ሄዳ ውጭ አገር ቀርታለች። ደህና ናት፣ ሥራ ይዛለች" አለኝ። ከተጫዋቾቹ አንዷን ጠየቅሁ። "ውጭ አገር ቀርታለች። ደህና ናት፣ ሥራ ይዛለች።" ውቢት ዘንድ ወጥ ቤት ገባሁ። ውቢት ድሮ ራሷ ገመድ ላይ የምትሠራ ነበረች፤ ጉልበቷ ሲጎዳ ነው ማጀት የገባችው።

"እመቤት የት ናት?"

"ውጭ አገር ቀርታለች። ደህና ናት፣ ሥራ..."

"ይዛለች" ብዬ ጨረስሁላት። "ሦስት ሰው በአንድ ቃል ሲመልስልኝ እኔ ተመካክሯል ነው የምለው። መቼ ነው የሞተችው?"

ውቢት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ቁጭ ለማለት ዱካ መቀመጫውን በእጇ ፈለገች።

"ከሞተች ሰባት ዓመቷ" አለች በመጨረሻ። "በሰው አገር፣ በጨዋታ ላይ። የሚቀበላት ክንዴ ነበር። አመለጠችው። መረቡ ልል ነበር። እዚያው ቀበርናት።"

"አባቷ አልሰሙም?"

"ጋሽ አሳምነው 'መርዶውን እኔ ነኝ የማረዳው፣ ማንም አፉን እንዳይከፍት' አለን። ልክ ነው፣ መርዶ ባለቤት አለው። ስንመለስ ጾም ነበር፤ ሽማግሌው በጾም ይሰበራሉ፣ ከፋሲካ በኋላ አለ። ከፋሲካ በኋላ ክረምት ገባ። እንዴት ናት ሲሉት ሥራ ይዛለች አላቸው። አንዴ ካለ በኋላ እንዴት ይመለስ? ለበዓል ሻርፕ እየገዛ 'እመቤት ላከችልዎ' ማለት ጀመረ። ስልኳስ ሲሉ ኔትወርክ ይላል። እሳቸው እየመረቁ ይለብሱታል። እኛ እያየን።"

"ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሰው እንኳ?"

"ባለቤቱ ዝም ሲል እኛ ምን እንበል?" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "አፈርን። በቆየ ቁጥር ማፈሩ ባሰ" አለች።

ውቢት እንደነገረችኝ፣ አሳምነው ባለፈው ሳምንት ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ነበር። ይኸን ሳትናገር አትቁረብ አሉት። ከክንዴ ጋር የተጨቃጨቁትም በዚሁ ነው፤ ክንዴ አብረን እንንገር ይላል፣ እሱ ብቻዬን ይላል።

"እኔም ለምኜዋለሁ" አለች ውቢት። "መርዶ በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ሰብስብ፣ የሚይዛቸው ሰው ይኑር አልሁት። 'ሽማግሌ ፊት ሰባት ዓመት ዋሸሁ ልበል? ዛሬ ማታ ተናግሬ ልገላገል' አለኝ። ምናለ ቢሰማኝ።"

እኔ በሙያዬ ብዙ ግድያ አይቻለሁ፤ ሰው በመሬት፣ በሚስት፣ በስካር ይገዳደላል። የዚህን ያህል ግን አንድም አላበሳጨኝም። በኛ አገር መርዶ ለብቻ የማይነገረው ለወግ ብቻ አይደለም። የሚሰማው ሰው እጁ ምን እንደሚያደርግ ስለማይታወቅ ነው፤ አንዱ ግራውን አንዱ ቀኙን የሚይዘው ለዚያ ነው። አሳምነው ዓለምን ዞሮ ይኸን ረሳ።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ማስረጃ ሌላ። ማጭድ በየቤቱ አለ፤ ዱላም እንዲሁ። ክንዴን አስወጥቼ "አያ ምህረቴን ከአዳራሹ ሲወጡ አይተሃል" አልሁት። እንባው ወረደ እንጂ አልተናገረም።

"እናትህ ከትናንት ጀምሮ ውጭ ናት። ነገ ሰልስት ነው። ስማቸውን ታውቀዋለህ።"

"እኔ ነኝ የለቀቅኋት" አለ። "ይግደሉኝ። እሳቸውን ተይልኝ።"

እታለማሁ በመስኮቱ በኩል ሰምታለች።  ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ከትታ ነከሰች።

በሰልስቱ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ ኮፍያዬን አውልቄ ነጠላ ደረብሁ። ምስጋናውንና ውቢትን ይዤ፣ ከመንደሩ ሁለት ሽማግሌ አስነሥቼ ወደ ጋጣው ሄድሁ። ወጥመድ ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ወጥመድም ነበር። ግን ለእኚያ ሰው የተገባቸውም ነገር ነበር፤ ሁለቱ አልተለያዩልኝም።

አያ ምህረቴ ያው ባዝራዋ ሥር ናቸው። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እኔ ፊታቸው ተንበረከክሁ።

"አያ ምህረቴ፣ ስለ እመቤት እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

ሁለት ቀን ሙሉ አገሩ ሁሉ እየመጣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብሏቸዋል፤ በገደሉት ሰው። የልጃቸውን ስም ግን እስከዚያች ሰዓት ማንም አላነሣም። መጀመሪያ ያልሰሙኝ መስለው አዩኝ። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣውን ድምፅ ዛሬም መስማት አልፈልግም። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ያዙ። በአገውኛ አለቀሱ፤ ምስጋናው አልተረጎመልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሲበርድላቸው እኔ ሳልጠይቅ ጀመሩ።

"አሳምነው ወደ አዳራሹ ጠራኝ። 'አያ ምህረቴ፣ እመቤት ሞታለች' አለኝ፤ ቆሞ። መቼ? አልሁት። ሰባት ዓመቷ አለኝ። ሰባት ዓመት! ፍትሐት የላት፣ ተዝካር የላት። እኔ እሱ የገዛውን ሻርፕ ለብሼ በየሰርጉ ስጨፍር ነበር። ዱላው በእጄ ነበር፣ ልጄ። እጄ ነው የመታው፤ እኔ ኋላ ነው የደረስሁ።"

"ገመዱንስ?"

ፊታቸውን ወደ ባዝራዋ አዞሩ። አንደኛው ሽማግሌ "ተናገር፣ ይውጣልህ" አላቸው።

"ገመዱን በማጭድ የቆረጥሁት አስቤ ነው። ማን እንደለቀቃት ጠየቅሁት፣ ሳይሞት በፊት። ክንዴ አለኝ። ገመዱ ከተቆረጠ ክንዴ እንደሚያዝ አውቄአለሁ። ስማቸውንም አውቀዋለሁ። አንዱን በዱላዬ፣ አንዱን በእናንተ ልጨርስ ነበር።"

ውቢት ራሷን ያዘች። እኔ ክንዴን አሰብሁት፤ ለእኚህ ሰው ሊሞት ሁለት ቀን አፉን የዘጋውን።

ካቴናውን ሳስገባ አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ከመሄዳቸው በፊት የልጃቸው ለቅሶ ላይ እንዲቀመጡ። የምርመራ ደንብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ፈቀድሁ። በራሱ በጋጣው ደጅ ላይ ሣር ተነሰነሰ፤ ሰው መምጣት ጀመረ። ለአሳምነው ሰልስት የመጣው ሁሉ የሆነውን ሰማና መንገድ ላይ ቆመ፣ የትኛው ለቅሶ እንደሚገባ ግራ ገብቶት። ስማቸውም ከነጠመንጃው ደረሰ። አያ ምህረቴ እዚያው እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩት።

"ወንድምህን እኔ ነኝ የገደልሁት። ልጁ የለበትም።"

ስማቸው ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መካከል ገቡ፣ ምስጋናውም ጠመንጃውን ያዘበት። ስማቸው አልታገለም። "ከዐይኔ ላይ አንሡልኝ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ቃሉን ሰጥቷል፤ ገዳዩን ነግሬዋለሁ።

ክንዴን ከጣቢያው አስመጥቼው ነበር። ከመኪናው እንደወረደ የአጥሩን ድንጋይ ነቅሎ ትከሻው ላይ ጫነና እየተንገዳገደ መጥቶ አያ ምህረቴ ፊት ተንበረከከ። እናቱ ከኋላው ቆማለች። ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው፤ ካላወረዱለት ደግሞ በዚህ አገር መኖር የለውም።

አያ ምህረቴ ድንጋዩን አልነኩም።

"ስትወድቅ ምን አለች?"

 ውቢት በዐይኗ ትለምነው ነበር፤ አባቴን ብላለች በል፣ ማርያምን ጠርታለች በል፣ አንድ ነገር በል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንዲዋሽ ፈልጌ ነበር።

"ምንም አላለችም" አለ ክንዴ። "ድምፅ አላወጣችም። እጄ አልቦኝ ነበር፣ መጥረግ ነበረብኝ፣ አልጠረግሁም። የጮህሁት እኔ ነኝ።"

አያ ምህረቴ በታሰሩ እጆቻቸው ድንጋዩን ከትከሻው ገፉት። መሬት ላይ ወደቀ። እታለማሁ መሬቱን ሳመች።

"ይኸን ያኔ መጥተህ ብትነግረኝ ኖሮ" አሉት ዝግ ብለው፣ "ጋሽህ ዛሬ በሕይወት ነበረ። እኔም።"

ክንዴ እንደተንበረከከ ቀረ። እናቱ ክንዱን ይዛ ልታነሣው ብትሞክር ሊነሣላት አልቻለም። አያ ምህረቴን እኔና ምስጋናው ደግፈን መኪናው ላይ አወጣናቸው።